ከአሥር ስንት?

ዓባይነሽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መልእክቱን ለሦስተኛ ጊዜ ስታዳምጥ፣ የሺሀረግ አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ስልኩ የታናሽየዋ የየሺሀረግ ነው፣ መልእክቱም የተተወው ለእሷ ነው፤ ግን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው በዚህ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ በእንግሊዝኛ የመጣ ነገር ሁሉ፣ የመብራት ቢልም ይሁን የሠርግ ጥሪ፣ መጀመሪያ በታላቅየዋ ጆሮ ማለፍ አለበት። ዓባይነሽ የሽንኩርቱን ቢላዋ ሳታስቀምጥ ጆሮዋን ወደ ስልኩ ጣል አድርጋ ታዳምጣለች። የበጎ ፈቃድ ድርጅቱ አስተባባሪ የሚስ ዶና ድምፅ እንደ ሁልጊዜው ረጋ ያለ ነው። ላደረግሽው ሁሉ እናመሰግናለን፤ ለሰጠሽን ጊዜ እናመሰግናለን፤ ዛሬ ቅዳሜ በአንድ ፒኤም ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሯችን ውስጥ የመዝጊያ ስብሰባ ይኖረናል፤ ብሩክታይትና እናቷም ይገኛሉ፤ በድጋሚ እናመሰግናለን።

«ተሰናበትሽ ማለት ነው» አለች ዓባይነሽ፣ ወደ ሽንኩርቷ እየተመለሰች።

«እናመሰግናለን ነው እኮ የምትለው እትዬ።»

«አሜሪካን ሰው የሚያባርረው አመስግኖ ነው። እኔን ከሆስፒታሉ ካፍቴሪያ ሲያስወጡኝ ኬክ ቆርሰውልኝ አልነበር?»

የሺሀረግ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀችና እንደገና አወለቀችው፤ ገልብጣው ነበር። እውነቱን ለመናገር ዓባይነሽ ነገሩ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ አልጣማትም። የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር ግድም የሺሀረግ ከምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትወጣ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይታ ነው የተመዘገበችው። ታላቅ እህት የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን ይላል። አሻራ ሰጠች፣ ሁለት ጊዜ ኢንተርቪው ተደረገች፣ ሦስት ምስክር ጠራች፤ በመጨረሻም ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖር ብሩክታይት ከምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር አገናኟት። በወር ሁለት ቅዳሜ፣ በቀን አራት ሰዓት። ደሞዝ የለውም። ከሃያ አምስት ዶላር በላይ ስጦታ አይፈቀድም፤ ልጅቷን ቤት ወስዶ ማሳደር የለም፤ አንድ ቀን ግንኙነቱ ተዘጋ ከተባለ ደግሞ መደዋወልም መገናኘትም የለም፤ ይህን ሁሉ ፈርማለች። «ነዳጅሽን አቃጥለሽ፣ ድልድይ ተሻግረሽ፣ የሰው ልጅ ዋና ታስለምጃለሽ» ነበር የዓባይነሽ ቃል። «እግዜር ያሳይሽ፣ ስትታመሚ የዚች ልጅ እናት ሾርባ ይዛልሽ ትመጣ እንደሆነ።»

ዓባይነሽ ራሷ ይህን ለማለት ድፍረቱን ከየት እንዳመጣችው የሺሀረግን አንዳንዴ ያስገርማታል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እህቷን ያስመጣችው ልጆቿን እንድትይዝላት ነው። ያሬድና የወይንሐረግ በየሺሀረግ እጅ አደጉ፤ ስትዘፍንላቸው ተኙ፣ ስትጎትታቸው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ አሁን አንዱ ቴክሳስ፣ አንዷ ቦስተን ናቸው። እሑድ እሑድ ለእናታቸው ይደውሉና በመጨረሻው ላይ «አክስቴን ሃይ በይልኝ» ይላሉ። ያ ዘመን በዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ኪራዩ መጨመር፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ ሲያወሩ ይውላሉ፤ እዚያ ጋ ሲደርሱ ግን አንዷ ቧንቧ ትከፍታለች።

«እናቲቱ ናት» አለች ዓባይነሽ ድስቱን እየከደነች። «ልጇ ስትወድሽ ጊዜ ቀናች። እኔ ብሆንም እቀና ነበር።»

ቀጠሮው እስኪደርስ ገና ሦስት ሰዓት ይቀር ነበር፤ የሺሀረግ ግን ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃታት። አሮጌዋን ኮሮላ አስነሥታ ወጣች። መዋኛ ቦርሳዋን ከልማድ ይሁን ከተስፋ አላወቀችም፣ ኋላ ወንበር ላይ ወረወረችው። ድልድዩን ስትሻገር ሬዲዮ ከፈተች፣ ዘጋች፣ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ እንደገባች ነገር ማብሰልሰል ጀመረች። ምን አጠፋሁ? አንድ ቀን አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይታለች፤ ግን ደውላ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ጸጉሯ በክሎሪኑ ተንጨባሮ ስታለቅስባት፣ እናቷን ሳታስፈቅድ ሹሩባ ሠርታታለች። እሱ ይሆን? የሰው ልጅ ራስ ሳያስፈቅዱ መንካት በእርግጥ ድፍረት ነው። ወይስ ልጅቷ «የሺ» ብላ በስሟ ስለምትጠራትና አንቺ ስለምትላት ነው? እሱማ ገና ከመጀመሪያው ቀን እናትየዋን አሳቅቆ «አንቱ በይ! ታላቅሽ ናቸው!» አሰኝቷታል፤ ልጅቷም «በእንግሊዝኛ ሁሉም ዩ ነው» ብላ ተገላገለች። የሺሀረግ መውጫዋን አለፈችው። የሚቀጥለው ድረስ ሄዳ ስትመለስ ራሷን ጮክ ብላ ሰደበች።

ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰችው ለቀጠሮው አንድ ሰዓት ከሃያ ሲቀረው ነው። የመኪና ማቆሚያው በሰዓት አንድ ዶላር ነው፤ የሁለት ሰዓት ከፈለች፣ ጥቂት ሄደችና ተመልሳ የአንድ ሰዓት ጨመረች። ከስፖርት ዕቃ መደብሩ በአሥራ አንድ ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ ሰማያዊ የዋና መነፅር ገዛች። የልጅቷ መነፅር ግራው ውሃ ያስገባል፤ ሁለት ወር ሙሉ ስታማርር ነበር። ገዝታ ከወጣች በኋላ የቀረውን ሰዓት ምን ታርገው? መንገዱ ላይ ካለች ትንሽ ካፌ ገብታ ሻይ አዘዘች፤ ሻዩ ሲመጣ አልጠጣችውም። አስተናጋጇ ሐበሻ ናት። «ሌላ ነገር ልጨምርልዎ?» አለቻት። «የለም የኔ እናት፣ ይበቃኛል።» «ምነው፣ ሻዩ አልጣመዎትም?» «ኧረ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለችና ለይሉኝታ ያህል አንዴ ተጎነጨችላት።

ያኔ ነው በካፌው መስኮት በኩል ያየቻቸው። ሰርካለም፣ የብሩክታይት እናት፣ የመኪና ማቆሚያ ካሸር የምትለብሰውን ግራጫ ጃኬት እንዳደረገች፣ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ነገር በሁለት እጇ አቅፋ መንገዱን ታቋርጣለች። ከሌሊት ሥራ ሳትተኛ ነው የመጣችው፤ አረማመዷ ያሳብቃል። ልጅቷ ሦስት እርምጃ ያህል ከኋላዋ ናት፤ ዐሥራ ሦስት ከሞላት ወዲህ ከእናቷ ጎን መሄድ ትታለች። ትከሻዋ ላይ የመዋኛ ቦርሳዋን አንግታለች። የሺሀረግ ምን እንደነካት አታውቅም፣ የምግብ ዝርዝሩን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴትዮ ከዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተደበቀች። ልጅቷ መዋኛ ቦርሳ ይዛ መምጣቷ ምን ማለት ነው? ሳይነግሯት ቀርተው ይሆን? ቅር አላት። ሁለት ዶላር ጉርሻ ትታ ወጣች።

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመግቢያው ኮሪደር ላይ ወንበር ተደርድሮ፣ አንዲት ወጣት ጉልበቷ ላይ የኬክ ሣጥን አስቀምጣ ተቀምጣለች፤ የሺሀረግን ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ጤና ይስጥልኝ» አለች፣ እዚህ ተወልደው ባደጉ ልጆች ድምፅ። የሺሀረግ የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ ሳትጠይቅ አለፈች። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ውስጥ ክብ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ አንድ ሰሐን ብስኩትና አንድ ፓኮ ሶፍት አለ። ሶፍቱን ስታይ ነገሩ ቁርጥ መሆኑ ገባት። ሰርካለም ተነሥታ እጅ ነሥታ ሳመቻት፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ፎይሉ ውስጥ ያለው ድፎ ዳቦ ነው፤ ከሥራ ገብታ ሳትተኛ ጋግራዋለች። «ለእርስዎ ነው፣ ምንም አይደለም፣ አልተሳካልኝም፣ ትንሽ አሮብኛል» አለች። የሺሀረግም «ምን በወጣሽ! ለምን ደከምሽ?» አለች። አፏ እንዲህ ይላል፣ ልቧ ደግሞ፣ ወይ አንቺ፣ አባርረሽኝ ስታበቂ ዳቦ ታበይኛለሽ? ይላል። ብሩክታይት ቀና ብላ አላየቻትም። የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ሚስ ዶና ከፊቷ ፋይል ከፍታ፣ መጀመሪያ እያንዳንዳቸው አንድ ጥሩ ትዝታ እንዲናገሩ ጠየቀች። ማንም አልተናገረም። ሰርካለም ጠረጴዛውን ታያለች፤ የሺሀረግ ብስኩቱን። ሚስ ዶና ዝምታው ሐዘን መስሏት አንገቷን ዘንበል አደረገችና፣ መለያየት ከባድ እንደሆነ፣ ግን ሁለቱም ወገን ስለፈለገው በሰላም መዝጋቱ ለልጅቷ የተሻለ እንደሚሆን አስረዳች።

«ማን ነው የፈለገው?» አለች የሺሀረግ፣ በአማርኛ፣ ወደ ሰርካለም ዞራ።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለች ሰርካለም። ፊቷ ነጣ።

ሚስ ዶና የሚነጋገሩትን ባትሰማም ጥያቄ መሆኑ ገብቷት ወረቀቱን ገለጠች። በየወሩ ለሦስቱም ለየብቻ ትደውላለች፤ ከአንድ እስከ አሥር ብትሰጪ ግንኙነታችሁ ስንት ነው ብላ ትጠይቃለች፤ የሚሏትን እንዳለ ትጽፋለች። የእናትየዋን አነበበች። ለሰኔ ሦስት፣ ለሐምሌ ሦስት፣ ለነሐሴ ሁለት። አስተያየት፦ «ሴትዮዋን እያስቸገርናት ነው። ሥራ አላት፣ ደክሟታል። ይበቃል።» የሺሀረግ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ቀጥሎ የራሷ ተነበበ። ለሰኔ አምስት፣ ለሐምሌ አምስት፣ ለነሐሴ አራት። አስተያየት፦ «እኔ ምንም አላደረግሁላትም። ከእኔ የተሻለ የተማረ ሰው ብታገኝ ይጠቅማታል።» ይኸንን ብላለች? ብላለች እንጂ። በየወሩ ብላለች። ለዚያች ጨዋ ድምፅ፣ ሥራዬ ግሩም ነው፣ ልጅቷ በእኔ ተለውጣለች ብላ እንዴት ትናገር? ሰው ራሱን ሲያመሰግን እንኳን ሲሰሙት ሲያስቡትም ያሳፍራል። እንዲህ ያለው ነገር «የለም፣ የለም፣ ብዙ አድርገሻል» እንዲባልለት ነው የሚነገረው። ሚስ ዶና ግን የለም የለም አላለችም፤ ጻፈችው።

«ለእኛ አራት?» አለች ሰርካለም ቀስ ብላ። «እኔ እኮ እርስዎን አክብሬ ነው። ሴትዮዋ ከቨርጂኒያ እየመጣች፣ እምቢ ማለት ይሉኝታ ይዟት ነው፣ እኔ ልበልላት ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ እምቢ ማለት ይሉኝታ ይዞሽ ነው ብዬ…» የሺሀረግ አልጨረሰችውም።

ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ አንዷ ለሌላዋ ስትል፣ በመካከላቸው ያለችውን ልጅ መንገድ ላይ ጥለዋት ነበር። እስከዚህ ብቻ ቢሆን ሊሳቅበት የሚችል ነገር ነበር። ሚስ ዶና ግን ውሳኔያችንን የወሰንነው በዋነኝነት ልጅቷ ራሷ በሰጠችው ቁጥር ነው ብላ ሦስተኛውን ወረቀት አወጣች። ለሰኔ አምስት። ለሐምሌ አምስት። ለነሐሴ አራት።

ይኼኛው ገባ። የሌሎቹ ከላይ ከላይ ነበር፣ ይኼኛው ልቧ ድረስ ገባ። የሺሀረግ መነፅሩ ያለበትን የወረቀት ከረጢት ጠረጴዛው ሥር ጨበጠችው። ከአንድ ዓመት በላይ፣ ውሃ አይታ የምትንቀጠቀጥ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜዋ የመዋኛ ልብስ ገዝታ፣ ሕፃናት በሚንቦጫረቁበት ጥግ ከልጅቷ ጋር ተያይዛ ገብታለች። መጀመሪያ ስትተዋወቃት ልጅቷ ትምህርት ቤት ምሳ መብላት ትታ ነበር፤ ሰው እያየኝ ማላመጥ አልችልም ትላለች። ከዋና በኋላ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመኪናው የፊት መስተዋት ወደ ውጭ እያዩ፣ መጀመሪያ ብርቱካን፣ ከዚያ ሳንድዊች፣ ከዚያ እየተሳሳቁ የተረፈ ጥብስ በሉ። ለዚህ ሁሉ አራት?

«ብሩኬ» አለች። «ደስ አላለሽም ነበር?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንቺ ነሽ እንደዛ የነገርሽኝ» አለች፣ በእንግሊዝኛው አማርኛውን እየቀላቀለች። «ዩ ቶልድ ሚ! ለራስሽ ቴን አትስጪ፣ ኢትስ ሩድ፣ ነውር ነው አልሽኝ። ይሄ እኮ ስለ ኧስ ነው የጠየቀችኝ፣ አንቺና እኔ። ደስ ያለኝን ነገር በትልቁ ከነገርኳት ማካበድ ይሆናል ብዬ። አንቺ ስንት እንደምትያት ጠየቅሁሽ፣ ፋይቭ አልሽኝ፣ እኔም ፋይቭ አልኩ። ከዛ ፎር አልሽ፣ እኔም ፎር።»

የሺሀረግ አስታወሰች። ሰኔ ነበር። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳውን በወርዱ ሳትቆም አቋርጣ፣ ከውሃው ብቅ ብላ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «አይ አም ሶ ጉድ!» ብላ ጮኸች። የሺሀረግ ደስታዋን በልቧ አድርጋ፣ አፏ ላይ የመጣው ግን አሰላ እሷንና ዓባይነሽን ያስተማሩት የመምህር ሳህሉ ቃል ነው። እሳቸው ፈተና ሲመልሱ «አሥር የፈጣሪ ነው፣ ዘጠኝ የመምህሩ፣ ለተማሪ የሚደርሰው ስምንት ነው» ይሉ ነበር፤ ሙሉ የመለሰውም ስምንት ነው የሚያገኘው። ዓባይነሽም እሷም በዚህ ነው ያደጉት። ይህንኑ ለልጅቷ ነገረቻት። ልጅቷ ፎጣዋን ለበሰች። የሺሀረግ የዚያን ዕለት ጨዋ ልጅ አደረግሁ ብላ ነበር፤ አሁን ስታስበው፣ የዚያችን ልጅ ጩኸት እሷው በእጇ አፍና ወደ ውሃው መልሳዋለች።

ነገሩን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለሚስ ዶና አስረዷት፤ ከሦስቱ ይበልጥ ያስረዳችው ልጅቷ ናት። ሚስ ዶና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማች፤ መነፅሯን አወለቀች፤ «ኦ ማይ» አለች፤ ደጋግሜ መጠየቅ ነበረብኝም አለች። ግን አንድ ችግር አለ። ሰርካለም ባለፈው ሳምንት አዲስ በጎ ፈቃደኛ እንዲመደብላቸው ፈርማለች። የተመደበችው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ህይወት ትባላለች፣ ጀርመንታውን ነው ያደገችው፣ ኮሌጅ ትማራለች፣ ስብሰባው ሲያበቃ ልትተዋወቅ መጥታለች። ለአንድ ልጅ የሚፈቀደው አንድ ሰው ነው። ዛሬ አንዱን ማለት አለባችሁ፤ ወላጅ ትፈርማለች፣ ሦስታችሁም ቁጥራችሁን እንደገና ትሰጣላችሁ።

ሰርካለም በሩን አየች። «ደጅ ላይ ተቀምጣ» አለች በሹክሹክታ፣ «ኬክ ይዛ መጥታ። የሰው ልጅ እንዴት ሂጂ ትባላለች?» እጇን ታፍተለትላለች። የሺሀረግ ሁኔታዋ ገባት፤ በደንብ ገባት። እሷም ብትሆን አትችለውም። ይቺ ህይወት ወጣት ናት፣ የተማረች ናት፣ የብሩክታይትን ቋንቋ ታውቃለች፣ ምናልባትም ዋና የተማረችው በአራት ዓመቷ ነው። ግድ የለም የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ግድ የለም፣ እሷ ትሻላለች፣ እኔማ አርጅቻለሁ። ለመናገር በጣም ቀላል ነበር። ዕድሜ ልኳን ስትናገረው የኖረችው ቃል ነው፤ ለያሬድ ሲያድግ፣ ለየወይንሐረግ ስትሄድ፣ ምረቃው አዳራሽ ውስጥ ፊተኛው ወንበር ለእናትና ለአባት ብቻ ነው ሲሏት።

ቀና ስትል ብሩክታይት የእሷን አፍ ታያለች። ዓይኗን አይደለም፣ አፏን፤ ምን እንደሚወጣ የምትጠብቅ፣ እሱኑ ልትደግም የተዘጋጀች።

«ቴን» አለች የሺሀረግ።

ሚስ ዶና አልሰማችም ይሆን፣ ቀና አለች። የሺሀረግ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ራቁቷን የቆመች ያህል አፈረች፤ መጀመሪያ ቀን የመዋኛ ልብሱን ለብሳ ከመልበሻ ክፍል ስትወጣ እንኳ እንዲህ አላፈረችም። «ቴን። አይ አም ጉድ ፎር ሄር» አለች ጮክ ብላ። «ቬሪ ጉድ። አይ ዎንት ሄር። አይ ዶንት ዎንት ቱ ስቶፕ።» ከዚያ በአማርኛ፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ «ደክሞኝም አያውቅም» ብላ ጨመረች። ይህኛው ውሸት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ወገቧ ቆርጦ ይጥላታል።

«የሺ ኤንድ ሚ?» አለች ልጅቷ ለሚስ ዶና፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ቴን። ኢት ዎዝ ኦልዌይስ ቴን።»

ሰርካለም ተነሥታ ድፎ ዳቦውን ከፎይሉ አወጣች፣ ትልቅ ቁራሽ ቆረሰች፣ በሶፍት ጠቅልላ ይዛ በሩን ከፍታ ወጣች። ከውስጥ ሆነው ሰሟት። ይቅርታ የኔ ቆንጆ፤ ስምሽ ማን ይባላል፤ ወላጆችሽ ደህና ናቸው፤ አገራቸው ከወዴት ነው፤ ለካ ሰው አለን፤ አንቺን ጠልተን አይደለም፤ አንቺማ እንኳን ለአንድ ልጅ ለአገር ትበቂያለሽ፤ ለካ ሰው አለን። ሚስ ዶና ሰዓቷን ሁለቴ አየች። ደግነቱ ወጣቷ ቅር አላላትም፤ ተራ የሚጠብቁ አርባ ልጆች እንዳሉ ተነግሯት ስለነበር «ኢትስ ኦኬይ፣ ሪሊ» እያለች ገባች። ኬኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዳቦውንም በላች፤ አላረረም። ሰርካለም እስክሪብቶ ይዛ ቅጹ ላይ ስትፈርም ቁጥር የሚሞላበት ሣጥን ላይ ስትደርስ ቆመች። «እትዬ» አለች፣ «ዘጠኝ ብል ይበቃል? አሥር ስጽፍ እጄ እምቢ አለኝ።»

«የእኔ እህት» አለች የሺሀረግ፣ «ጨክነሽ ጻፊው።»

ከዕለቱ አራት ሰዓት ከሦስት በታች ነበር የቀራቸው፤ መዋኛው ቦታ ሄዱ። ሰርካለምም ለመጀመሪያ ጊዜ አብራ መጣች፤ መግቢያ መክፈል የለብሽም ተባለች፣ ስለማትዋኝ። ዳር ወንበር ላይ ጃኬቷን እንደለበሰች ተቀመጠችና ልጇ አዲሱን ሰማያዊ መነፅር አድርጋ ውሃው ውስጥ ስትገባ ከማየቷ በፊት እንቅልፍ ወሰዳት። ብሩክታይት ገንዳውን በቁመቱ ሞከረችው። ሦስት ሩቡ ላይ ቆመች፣ ሳለች፣ ገመዱን ያዘች። ከዚያም ማዶ ወደ ቆመችው ወደ የሺሀረግ ዞራ፣ ውሃ ከአፍንጫዋ እየወረደ፣ «ሴቨን!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። የሺሀረግ በሙሉ ድምፅዋ «ኤይት!» ብላ መለሰችላት።

ቤት ስትገባ ስድስት ፒኤም ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ገና አልጨለመም። ዓባይነሽ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰሐን ታጥባለች። ሳትዞር «እህስ?» አለች። «ኬክ ቆረሱልሽ?»

«ቆረሱልኝ። ግን አልተሰናበትኩም።» የሺሀረግ እርጥቡን የመዋኛ ልብስ ከቦርሳው አውጥታ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለችው። ለመቀመጥ አሰበችና ተወችው። ጠዋት ከቤት ሲያስወጣት የነበረው ነገር፣ መንገዱን ሁሉ አብሯት የተንከራተተው፣ አሁንም አልተኛላትም።

«እትዬ፣ ለእኔ ከአሥር ስንት ትሰጪኛለሽ?»

«ለምኑ?»

«ለያሬድና ለየወይንሐረግ።»

ዓባይነሽ እጇ ሰሐኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈተችው፣ በኃይል፤ የታጠበውን ሰሐን እንደገና አጠበችው። የሺሀረግ መልስ እንደማይመጣ ገባት። አሥራ አራት ዓመት ያልመጣ ነገር በአንድ ቅዳሜ አይመጣም ብላ፣ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ውሃው ረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ሲዘጋ፣ እህቷ አሁንም ጀርባዋን እንደሰጠቻት ነበር።

«ስምንት» አለች ዓባይነሽ።